በስንዝር ያሰርኩት ሽቦ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም ቢሆን። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ የቀረበልኝን በልቻለሁ።

ወንድሜን ነዚፍን የገደልኩት እኔ ነኝ። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው ትሉኝ ይሆናል። አትበሉኝ! ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ነዚፍ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ አናጺ ነበር። ሰቃ አጠገብ፣ ወንዝ ማዶ ቡና ያላቸው አንድ አባት የለቀሙትን ቡና ማሻገሪያ ትንሽ ጀልባ አዘዙት። ኮምፔርሳቶውን ቆረጠ። ጠርዝና ጠርዙ ተገጣጥሞ፣ ተበስቶ፣ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል። ከዚያ መጋጠሚያው በኮላ ይሞላል። አንዱን ጎን እሱ ሰፋ። ሌላውን ለእኔ ሰጥቶኝ ቀለም ሊገዛ ወጣ።

"በየአራት ጣቱ። ጃቤሲ!" አለኝ። አጥብቀው ማለቱ ነው። "ውሃ እንደ እኔ ደንበኞች በወሬ አይሸነገልም።"

ጓደኞቼ ደጅ ላይ ባጃጅ አቁመው ጡሩምባ ያስጮሃሉ። ሄርማታ ሰፈር ሄደን ኳስ ልናይ ነበር። መብሳቱ ሰለቸኝ። በየስንዝሩ አሰርኩት። በሽቦዎቹ መካከል ኮምፔርሳቶው አፉን ከፈተ። አላየሁም ልበል? አየሁት! ኮላ በሰጋቱራ ለውሼ ክፍተቱንም ሽቦውንም ደፈንኩት።

ነዚፍ ተመለሰ።

"አራት ጣት?"

"ወላሂ፣ አራት ጣት።"

ለኳስ ብዬ በአላህ ስም ዋሸሁ። አመነኝ። ወንድሙ ነኝ፣ እንዴት አያምነኝ?

ቡናም ሰውም ሳይጭን መጀመሪያ ብቻውን ሞከረው። ዳር ቆሜ አየሁ። ወንዙ መሃል ሲደርስ እኔ የሰፋሁት ጎን ተተረተረ። ዋና አይችልም ነበር። እኔም አልችልም። ጮህኩ። መጮህ ብቻ።

ለቅሶ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ "ምን ጀልባ አስነካው? በስልክ አይቶ ጀልባ ይሠራል እንዴ? አልጋውን ቁም ሳጥኑን አይሠራም?" አሉ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው! ገደልኩት፣ ከዚያ ሙያውን ሲቀብሩበት አብሬ ነቀነቅኩ። ምን ዓይነት ወንድም ነኝ?

ስብርባሪው ጓሯችን ቆሟል። እሱ የሰፋው ጎን ፀሐይም ዝናብም መታው፣ ዛሬም አልተላቀቀም። ኑና እዩት። ጣታችሁን ቀዳዳዎቹ መካከል አኑራችሁ ለኩ። አራት ጣት ነው።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ይቅር በሉኝም አልልም። ለእናቴ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ከዚያ ለሽማግሌው። እናንተ ግን ስሙን መልሱለት። ነዚፍ ጀልባ መሥራት ይችል ነበር።