መና የቀረው አስማተኛ

ዛሬ ጠዋት ጅብ ነክሶኝ ተናድጄ የልጅ ልጄን ሥራ አበላሸሁ። ጅቡ የኮምፒዩተር ጅብ ነው። ንዴቱ ግን የእውነት ነበር።

የልጅ ልጄ እኛ ጋ እየኖረች እዚሁ ሶዶ ኮምፒዩተር ትማራለች፤ ዘንድሮ ተመራቂ ናት። ለመመረቂያዋ የያዘችው ሥራ ጨዋታ ነው፤ አውሬ እየገደሉ፣ ኃይል እየጨመሩ ወደ ፊት የሚሄዱበት ጌም። ከባዶ አልሠራችውም። ሌሎች የሠሩትን ወስዳ፣ ሰዎቹንና አውሬዎቹን ቀያይራ፣ መሬቱን አምጥታ ዳሞት ተራራ ሥር ተከለችው። ይህን «ሞድ» ይሉታል። እኔ «ጥገና» እለዋለሁ፤ ትበሳጫለች። ስለምትበሳጭም እለዋለሁ።

ተራራው ጫፍ ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ጦርና ጋሻ ይዘህ ከጅብ ጋር ትተናነቃለህ፣ ወይ አስማተኛ ሆነህ ከሩቅ መብረቅ ታወርዳለህ። ባለ ጦሩ በወጋ ቁጥር ከላይ ያለችው ቀይ መስመር ታጥራለች፤ አስማተኛው መብረቅ ባወረደ ቁጥር ሰማያዊዋ። የመስመሮቹን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀይዋን «ጉልበት» አልኳት፤ የራሴ ጉልበት ከወንበር በተነሣሁ ቁጥር ሲንቋቋ እየሰማሁ። ሰማያዊዋን እሷ «ማና» ትላት ነበር፤ በእንግሊዝኛው እንደዚያ ነው አለች።

«መና ብለሽ ጻፊው፤ ከሰማይ የወረደው» አልኳት።

«ሲያልቅስ ምን ይበል?»

«ሲያልቅማ መና ቀረህ!»

ሳቀች። እንዳልኳትም ጻፈችው።

ጭንቀቷ ሌላ ነበር። ጓደኞቿ ሁሉ አስማተኛ መሆን ነው የሚወዱት፤ ጦር የሚያነሣ ጠፋ። ስለዚህ እኔን፣ ጡረታ የወጣሁትን የስፖርት መምህር፣ ባለ ጦር አድርጋ ሾመችኝ። «አባባ፣ በሁለቱም መንገድ ማሸነፍ መቻል አለበት። በሁለቱም መቸገር አለበት። አንዱ ከቀለለ ሥራዬ ይወድቃል፤ መምህሮቹ የሚያዩት ሚዛኑን ነው» አለችኝ።

በአስማተኛውም እንድሞክር ለምናኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በስክሪን ላይም ቢሆን ድግምት አይነካም ብዬ እምቢ አልኩ። ፊቴንም ኮስተር አደረግሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ እውነተኛው ምክንያት ጣቶቼ ናቸው። ጦር አንድ ቁልፍ ነው፤ ደጋግሞ መደብደብ ነው። አስማት ግን ይህን ይዘህ ያንን ተጫን፣ ያንን ልቀቅና ይህን መልስ ነው። ጣቶቼ እንደ ገበያ ቀን በጎች ይጠላለፋሉ።

እናም በጦር ስሞት ከረምኩ፤ ተራራው ጫፍ የደረስኩት አንዴ ብቻ ነው። ባለቤቴ በሳሎን ባለፈች ቁጥር ታየኛለች።

«ዛሬም በሉህ?»

«እየበሉኝ ነው።»

«የሚበላ ነገር አገኙብህ?»

ዛሬ የልጅቷ ሥራ የሚታይበት ቀን ነው። ጠዋት እሷ ልብሷን ስትተኩስ፣ አንዴ ልሞክር ብዬ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ጅቡ ነከሰኝ። ሌላው ደገመኝ። ያኔ «ይዩ እንጂ አይንኩ» ብላ ያሳየችኝ የቁጥሮች ገጽ ትዝ አለኝ፤ ከፈትኩት። አንድ መብረቅ ስንት መና እንደሚበላ የሚለውን ቁጥር አገኘሁና ከፍ አደረግሁት። አላረካኝም፤ ጨመርኩበት። አሁንም ጨመርኩበት። ልብ በሉ፤ ይህ ለእኔ ለባለ ጦሩ የሚጠቅመኝ አንዳች ነገር የለም፤ ጅቡ እኔን መንከሱን አይተውም። እነዚያ አስማተኞችም ይነከሱ ብዬ ነው እንጂ!

እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ባለቤቴ ቁርስ ቀረበ ብላ ጠራችኝ። ቦዬ የምንለውን ሥራ ሥር ቀቅላ ከዳጣ ጋር አቅርባለች፤ ቦዬ ፊቴ ቀርቦ እኔ ቀጠሮ አላስታውስም። ልጅቷ ላፕቶፑን ከድና፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ግንባሬን ስማኝ ወጣች። አፌ በዳጣው ሲቃጠል ነው የነቃሁት።

ደወልኩ፤ አታነሣም። ደግሜ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ውጣ ወይ ግባ!» አለችኝ ባለቤቴ። ወጣሁ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ከቆላ ሙዝ ጭኖ ከመጣ ጋሪ ኋላ ተቀረቀረ። አህያው አይቸኩልም፣ ባለ ጋሪው አይቸኩልም፣ ባለ ባጃጁም ስልኩን ያያል። እኔ ብቻ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ በእግሬ ወለሉን እረግጣለሁ፣ ነዳጅ የምሰጥ ይመስል።

ከምትማርበት ክፍል ስደርስ ጀምረዋል። ፈታኟ መምህርት አስማተኛውን መርጣ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ አጠገቧ ቆማለች። መምህርቷ አንድ መብረቅ አወረደች። አንድ ጅብ ወደቀ። ሰማያዊዋ መስመር ባዶ ሆነች፤ በስክሪኑም ላይ በትልቁ «መና ቀረህ» የሚል መጣ። ሴት መሆኗን እንኳ አላየላትም። ክፍሉ ሳቀ። አስማተኛው ረጅም ካባውን እንደለበሰ ቆሞ ቀረ፤ ጅቦቹ ተራ በተራ መጡለት።

«አሁን ምን ላድርግ?» አለች መምህርቷ።

ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ከንፈሯን ነክሳለች።

«ሚዛን የምትዪኝ ይሄንን ነው?»

«እኔ ነኝ!» አልኩ ከበሩ ላይ።

ሁሉም ዞረ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ባለ ጦሩ ነኛ።»

ይህኛው ሳቅ ከፊተኛው ባሰ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። እኛ ቤት የምናወራው በወላይትኛ ነው፤ ስትናደድ ብቻ ወደ አማርኛ ትሻገራለች።

«አባባ፣ ነክተውታል?»

«ትንሽ።»

«ስንት ነበረ?»

አሰብኩ። ጣሪያውን አየሁ። በስተመጨረሻ የጻፍኩትን አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ የነበረው ግን ከቦዬው ጋር ወርዷል። እሷም በቃሏ አልያዘችውም፤ ስትቀንስ ስትጨምር ነው የሰነበተችው። በፍላሽ ያስቀመጠችውም ቅጂ ጅቦቹ ከመግባታቸው በፊት የነበረው ነው። ዓይኗ በእንባ ሲሞላ አየሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ መቆሚያ አጣሁ፤ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እቀያይር ጀመር።

መምህርቷ እኔን ትንሽ አየችኝና ወደ እሷ ዞረች። «ማንም ቢነካው ሥራው ያንቺ ነው። ሚዛኑን መልሺ። በሁለቱም መንገድ እስከ ተራራው ጫፍ የደረሰ አንድ ሰው ይዘሽ ሰኞ ነይ፤ አፉን ሞልቶ ይንገረኝ።»

ጓደኞቿ ጦር አያውቁም። የቀረውን ጊዜ እነሱን ጦር በማስተማር ብታባክነው ለሰኞ አትደርስም። ጦር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ቤት ስንገባ ቁጥሩን በግምት አስተካከለችና ላፕቶፑን ፊቴ አስቀመጠች። «አባባ፣ ጦሩን ያስቀምጡ።»

«ሽማግሌነቴስ?»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና መለሰችልኝ፦ «ጸልይና ጀምር!»

ጀምሬያለሁ። መብረቅ ልኬ ዛፍ መታሁ፤ ደግሜ ላክሁ፣ አስማተኛውን የሚከተለውን የራሴን ጋሻ ጃግሬ መታሁ። ልጅቷ ከጎኔ ሆና ጣቶቼን አንድ በአንድ እያነሣች ቁልፎቹ ላይ ታስቀምጣለች፤ ወደ ወላይትኛዋ ተመልሳለች፣ ንዴቷ መብረዱ ነው። ተራራው ሥር ያለውን ወንዝ ገና አልተሻገርኩም። ስክሪኑ ደጋግሞ «መና ቀረህ» ይለኛል፤ ቃሉን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ የምከሰው ሰው የለኝም። ለልጅቷ አንድ ተራራ ዕዳ አለብኝ፤ በአስማት የሚወጣ።