ከሸምበቆው የሚመጣው ፉጨት

ልብስ ሰፊዋ ወፍ ወዳድ አልነበረችም። ዕድሜዋን የፈጀችው መስኮቱ ወደ መንገድ በሚያይ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ሱሪ ስታሳጥርና ዚፕ ስትቀይር ነው። ወፍ ወዳዱ ታናሽ ወንድሟ ነበር። ቁመቱ ሲያድግ ሥጋው ስላልተከተለው ሰፈሩ ሁሉ "ቀጮ" ይለዋል። በጋ በገባ ቁጥር ቅዳሜ ጠዋት ካሜራውን አንግቶ ከከተማው ዳር ወዳለው የወፎች መጠለያ ይሄዳል። ከወፍ ተመልካቾቹ ጋር ሐይቁን ሲዞር ይውልና ፊቱ በፀሐይ ተለብልቦ፣ ጫማው ጭቃ ጠግቦ ይመለሳል። እናታቸው "ሚስት ፈልግ ብለው ወፍ ሲፈልግ ይውላል" እያሉ ለጎረቤት ያሙት ነበር።

ሲመለስ በር አያንኳኳም። ደጅ ቆሞ ያፏጫል፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅ ከፍ የሚል። ያን ጊዜ እሷ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ ትነሳለች። ኪሱ ውስጥ ቁልፍ እያለ ለምን እንደሚያስነሳት ስትቆጣው፣ የሚከፍትለት እህት ያለው ሰው ቁልፍ ምን ይሠራለታል ብሎ ይስቅባታል።

አንድ ጠዋት ጓደኞቹን ሳይጠብቅ ብቻውን በትንሽ ጀልባ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ነፋስ ተነሳ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች። ሬሳውን ያገኙት በማግሥቱ ነው።

እናትየው በዚያ ጊዜ ነገር መርሳት ጀምረው ነበር። ቀብሩ ላይ እንደማንኛውም እናት አለቀሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ መሞቱን ረሱ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር ያስጠጉና "ምነው ዛሬ ቆየ?" ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ላይ እውነቱን ነገረቻቸው። እንደ አዲስ ሰምተው እንደ አዲስ አለቀሱ፤ በማግሥቱም እንደገና ጠየቁ። ከዚያ ወዲያ "ይመጣል እማዬ" ማለት ለመደች። ቃሉ ከአፏ በወጣ ቁጥር ወደ ስፌቷ ታቀረቅራለች።

ወንድሟ ያን ዕለት ስልኩን ቤት ረስቶ ነበር የወጣው። ለምን እንደሆነ ለራሷም ሳይገባት ቻርጅ ታደርገዋለች። በቀጣዩ በጋ መግቢያ ላይ ስልኩ ጠራ። ስፌቷን ጥላ ዘላ አነሳችው። የደወለው ካሜራ ጠጋኝ ነበር። ካሜራው ተሠርቶ ካለቀ መክረሙን ነግሮ፣ ባለቤቱ ረስቶት እንደሆነ ጠየቃት። ሞቷል ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት። እሱ እንደማይመቸውና ራሷ መጥታ እንደምትወስደው ነገረችው።

ካሜራው ውስጥ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች ሁሉ የአንድ ሸምበቆ ናቸው። በአንዱ ጅራት ብቻ ይታያል፣ በሌላው የተወዛወዘ ቅጠል። ምን ሲያሳድድ እንደነበር ማወቅ ፈለገች። እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ቅዳሜ ጠዋት መጠለያው በር ላይ ተገኘች።

የወፍ ተመልካቾቹን ጉዞ የምትመራው የባዮሎጂ መምህር ናት። ስታያት አቅፋ ሳመቻትና ከፊት አስቀደመቻት። ውሃው ላይ በተዘረጋው የሳንቃ መንገድ እየተከታተሉ ሄዱ። አንዱ በርቀት መነጽር ያያል፣ ሌላው ያነጣጥራል፤ ካሜራ ቀጭ ቀጭ ይላል። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ከሸምበቆው ውስጥ ፉጨት መጣ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

"መጣሁ!" አለች ልብስ ሰፊዋ። አእምሮዋ ሳያዛት እግሯ ከሳንቃው ወረደ። መምህሯ ክንዷን ባትይዛት ኖሮ ጭቃው ከወገቧ በላይ በዋጣት ነበር። ጎትተው አወጧት።

"ወፍ ናት፣ እህቴ" አለች መምህሯ እያለከለከች። "የሰማችውን ድምፅ የምትደግም ወፍ አለች። ቀጮ ያለፈውን በጋ ሙሉ እዚህ ቆሞ ሲያፏጭላት ነው የከረመው። ልንነግርሽ አስበን ፈራን።"

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሸምበቆው ዞረች። "መሞቱን አታውቅማ" አለች።

ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም። ወፏን በካሜራው ልትይዛት ብትሞክርም የምታገኘው እንደ ወንድሟ ጅራትና ቅጠል ብቻ ነበር። ቤቷም ውስጥ ሰላም አጣች። የስፌት መኪናዋን እግሯ ሲያቆም፣ በዚያች ፀጥታ ውስጥ ፉጨቱ ይሰማታል። እየተነሳች በሩን ትከፍታለች፤ መንገዱ ላይ አላፊ አግዳሚ እንጂ ሌላ የለም። አንድ ቀን ከበሩ ስትመለስ እናቷ "ማነው?" አሏት። እሷ ብቻ የሰማችው ይሁን ሁለቱም፣ ለመጠየቅ ፈራች።

ያን ጊዜ ነው ፉጨቱን ልታሰማቸው እናቷን ወደ መጠለያው ለመውሰድ የወሰነችው። መምህሯ ሐሳቡን አልወደደችውም፤ አሮጊቷን መጉዳት ይሆናል አለች። ልብስ ሰፊዋ ግን ከዚህ በላይ ምን ይጎዳሉ ብላ፣ ሩቅ መራመድ ስለማይችሉ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወሰደቻቸው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ሌሎቹ ራቅ ብለው ቆሙላቸው። ለረጅም ጊዜ ውሃው ብቻ ነበር የሚሰማው። ልትመለስ ወንበሩን ስታዞር ፉጨቱ መጣ።

የእናትየው ፊት በራ። "መጣ! ምነው ቆምሽ? ክፈቺለት እንጂ።"

ልብስ ሰፊዋ የምትከፍተው በር አልነበራትም። "ከፈትኩለት፣ እማዬ" አለች።

ፉጨቱ ተደገመ፤ ከዚያም ሦስተኛ። በእናትየው ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ። የሴት ልጃቸውን እጅ ጨብጠው ያዙ።

"ይሄ እሱ አይደለም። የኔ ልጅ ሲከፈትለት ዝም ይላል።" ዓመት ሙሉ ባልነበራቸው ጥርት ያለ ድምፅ ጠየቁ፦ "ሞቷል አይደል?"

"አዎ፣ እማዬ።"

አላለቀሱም። ወደ ቤት እንድትወስዳቸው ብቻ ጠየቁ፤ እንደበረዳቸው ተናገሩ፤ ፀሐዩ ግን አናት ይበሳ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትየው መስኮቱ ሥር አልተቀመጡም። ወንበራቸውን ራሳቸው ጎትተው ወደ ግድግዳው አዞሩት። አስታውሰው ይሁን ረስተው፣ ልብስ ሰፊዋ አታውቅም። እፎይ እላለሁ ብላ ነበር፤ ነገር ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ "ይመጣል" የምትለው ሰው ማጣቷ ከበፊቱ የባሰ ሆነባት።

በጋው ሊያልቅ ሲል ወፏን በካሜራው ያዘቻት። አመድማ፣ ከጭብጥ የማትበልጥ፣ አፏን ከፍታ ሸምበቆ ላይ የቆመች። መምህሯ ፎቶውን አሳጥባ በመጠለያው የእንግዳ መቀበያ ክፍል ሰቀለችው። ሌላ ቅጂ ልስጥሽ ብትላት ልብስ ሰፊዋ ለቤቷ አልወሰደችም።

ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለች። ሌሎቹ ሲያልፉ እሷ መታጠፊያው ጋ ትቀራለች፤ ፉጨቱ ዝም እስኪል ልትጠብቅ። ዝም አይልም። ከሩቅ መምህሯ ስትጠራት ካሜራውን አንገቷ ላይ ታንጠለጥልና ትከተላለች፤ ፉጨቱ ከኋላዋ ይቀጥላል።