ደሟ ጠርቶ ይታይ

ልጄ አምስት ዓመት ሞልቷት የአምናው ቀሚሷ አሁንም ልኳ ነበር። ሆዷ ይነፋል፣ ተቅማጥ አይለያትም። ሐኪሟ ሲሊያክ የሚባለውን፣ ስንዴና ገብስ አንጀትን የሚጎዱበትን በሽታ ጠርጥራ የደም ምርመራ አዘዘች። ናሙናው አዲስ አበባ ስለሚላክ ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቁ ተባልን።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቅ አይሆንላቸውም። በእኛ ቤት ልጅ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ታጥቦ፣ ጸጉሩ ተበጥሮ፣ የክት ልብሱን ለብሶ ነው። ለእሳቸው ደምም ከዚህ አይለይም። «ደሟ ጠርቶ ይታይ» ብለው ዳቦና ፓስታ ከለከሉ፤ ክረምቱን ሙሉ ከሶፊ ገጠር በሚመጣ ማሽላ እንጀራ አከረሟት። ተቅማጡ ቆመ፣ ጉንጯም ሞላ። እኔም እሰየው አልኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ደሟ ተወሰደ፤ ውጤቱ ምንም የለም የሚል ነበር። አማቴ ድል ያደረጉ ያህል ኮሩ። ሸዋ በር ገበያ ወርደን ትኩስ ዳቦ ገዛንላት። ብዙም ሳይቆይ ሆዷ ተመልሶ ተነፋ፤ እኛም ወደ ማሽላው ተመለስን።

ሐኪሟ ከምርመራው በፊት ምን ትበላ እንደነበር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ምርመራው የሚያየው ሰውነት ከስንዴው ጋር ሲጣላ ደም ውስጥ የሚተወውን ምልክት ነው አለች። ስንዴው ለወራት ከቀረ ምልክቱ ይጠፋል፣ በሽታው ግን ይኖራል። ስንዴ እየበላ ለተመረመረ ልጅ ውጤቱ እምብዛም አይስትም።

«እንደገና በየቀኑ ዳቦ ትብላ። ከሳምንታት በኋላ ደሟን እናያለን» አለች።

አማቴ ልጅን እያወቁ ማሳመም ምን ዓይነት ሕክምና ነው ብለው ተቆጡ። ሐኪሟን እኔም ጠምጄ ይዣት ነበር።

በየጠዋቱ ዳቦ በሻይ እያራስኩ አጎረስኳት። መጀመሪያ በደስታ በላች። በኋላ ሆዷን ይዛ ከሳህኑ ትሸሽ ጀመር። ለመንኳት፣ እምቢ ስትል ተቆጣኋት። ስትተኛ አለቅስ ነበር።

ሁለተኛው ውጤት በሽታውን በግልጽ አሳየ። የአንጀት ምርመራ ገና ቢቀራትም እፎይ አልኩ፤ ቢያንስ የምንታገለውን አወቅን። ያም ምርመራ እንዳለቀ ዳቦውን ከቤት አወጣሁ፣ ልጄንም ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከእንግዲህ ዳቦ እንደማትበላ ነገርኳት።



«ነገ እበላለሁ፣ እማዬ» አለችኝ። «አትቆጪኝ።»