ለማርታ የተደረገው ዱአ

ባለፈው ሰሞን ከፒያሳ ስመለስ ደሴን ጉም ውጧት ነበር፤ ባለባጃጁ ልጅ በእኩለ ቀን መብራት አብርቶ ነው ቤቴ ያደረሰኝ። በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ስገባ የልጄ ልጅ ሀና ሶፋው ላይ ተጠቅልላ፣ ስልኳን ታቅፋ ታለቅሳለች። ሰው የሞተ መስሎኝ ክው አልኩ።

"ምነው ልጄ? ማን ምን ሆነ?"

"አባቷ ለማትፈልገው ሰው ሊድራት ነው፣ እምዬ።"

ለካ የምታለቅሰው ለድራማ ነው፤ ያ ከውጭ መጥቶ አማርኛ እንዲናገር የተደረገ፣ ማለቂያ የሌለው ተከታታይ። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ቤቱን ያሰለቸሁ ሴትዮ ነኝ። "በእኛ ጊዜ መጽሐፍ ነበር የሚነበበው" ብዬ ስጀምር የልጄ ባል ሳይቀር ጫማውን ፈልጎ ይወጣል። ያን ዕለትም ልጀምር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን በትከሻዋ በኩል ሳጮልቅ አንዲት ልጅ መስኮት አጠገብ ቆማ አየሁ፤ ከኋላዋ አባቷ ከአንድ ሽማግሌ ቢጤ ጋር ይጨባበጣል። ይህን ነገር የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ አልኩ።

"ሰውየው የወፍጮ ባለቤት ነው?"

"የዱቄት ፋብሪካ አለው። እንዴት አወቅሽ?"

"ታናሽ እህቷስ? በሽተኛ ናት አይደል?"

ሀና ቀና ብላ ተቀመጠች። "አይተሽዋል እንዴ?"

"አንብቤዋለሁ" አልኳት።

አላመነችኝም። ስልኳን ነካክታ ፈለገች፤ እውነትም ከድሮ ልብ ወለድ የተሠራ ነው። ስሞቹን ለውጠዋል፣ ሰዎቹን መኪና አስነድተዋቸዋል እንጂ ነገሩ ያው ነው። የመጽሐፉን ርዕስ አነበበችልኝ፤ የባዕድ ቋንቋ ነው፣ አፌ አልያዘውም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላውቀው የኖርኩት ርዕስ ነበር፤ ምክንያቱም እኛ ያነበብነው የአማርኛ ትርጉም ሽፋን አልነበረውም።

ያኔ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ቤት የተከራየሁት ከዘሃራ ጋር ነው፤ የኩታበር ገበሬ ልጅ፣ ረጅም፣ ስትስቅ አፏን በሻርፗ የምትሸፍን። እሷ ስትሰግድ እኔ ሬዲዮኑን እቀንሳለሁ፤ እኔ ስጾም እሷ ወተቷን ደጅ ወጥታ ትጠጣለች። መጽሐፉን ያገኘሁት ደሴ ፒያሳ፣ መጽሐፍ ከሚያከራይ ሰው ነው። ሽፋን የለውም ብዬ ሳቅማማ "ሽፋኑን ነው የምታነቢው?" ብሎ አሳፈረኝ፤ ይዤው ወረድኩ።

በእረፍት ቀናችን ቦርከና ወንዝ ወርደን ልብስ እናጥባለን። ደንቡ እንዲህ ነበር፤ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ፣ ዘሃራና ሌሎቹ ልጆች የእኔንም ልብስ ጨምረው ያጥባሉ። በሕይወቴ እንደዚያ የተከበርኩበት ሥራ የለም። ታሪኩ በረዶ የማይጠፋበት ሩቅ አገር ነው። አንድ አባት ማርታ የምትባል ልጁን ሳይጠይቃት ለሽማግሌ የወፍጮ ባለቤት ሊድራት ቃል ይሰጣል። በረዶ የሚል በመጣ ቁጥር ዘሃራ ሳሙናውን እንደያዘች ቀና ትላለች።

"ይሄ ሁሉ በረዶ ሲወርድ እህሉን አይመታባቸውም?"

ለኩታበር ሰው በረዶ ማለት የገብስ ጠላት ነው። ጸጥ ብሎ መሬት ላይ የሚተኛ በረዶ እኔም አይቼ አላውቅ፤ "እግዜር ይጠብቅላቸዋል" ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ።

መጽሐፉን ስናጋምስ ከኩታበር መልእክት መጣ። የዘሃራ አባት፣ ጋሽ ሰይድ፣ ሚስቱ ለሞተችበት አንድ ነጋዴ እሷን ሊሰጡ ቃል ገብተዋል፤ ሰርጉ ለጥር ነው፣ ሥራዋንም ትታ ትገባለች። ሰውየው ክፉ ነው የሚል አልሰማንም፤ ልጆቹ ግን የዘሃራ እኩዮች ናቸው። ዘሃራ ምግብ አልበላ አላት።

"እምቢ በይ እንጂ" አልኳት።

"በየትኛው አፌ? አባቴ ቃሉን ሰጥቷል። በሰው ፊት ላዋርደው?"

በሚቀጥለው ንባብ ማርታ አባቷ ፊት አንገቷን ደፍታ ስትቆም፣ ዘሃራ በእጇ የነበረውን ልብስ ውሃ ወሰደባት። የእኔ ሹራብ ነበር።

ጥቅምት ላይ ፈቃድ ወስደን አብረን ወደ ቤተሰቦቿ ወጣን። የሐረጎ ተራራን ጠመዝማዛ መንገድ ስንያያዘው የኮምቦልቻ ሙቀት ከኋላችን ይቀራል፤ ደሴ ስንደርስ ጥርሳችን ይንገጫገጭ ጀመር። ኩታበር ባቄላው እሸት ነበር፣ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ። የዘሃራ እናት፣ እማማ ፋጡማ፣ እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ብለው በአዲስ ድስት ሽሮ ሠርተው ጠበቁኝ። "ሥጋችን ነክቶት አያውቅም፤ አብሽሪ፣ ብዪ" አሉኝ። አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ስጋት አይግባሽ ማለት ነው። ያችን ቃል የሚያህል ነገር እስከዛሬ በመጽሐፍ አላገኘሁም።

በማግስቱ ከእሳቸው ጋር እሸት እየፈለፈልን ሳለ የዘሃራ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

"ምን ሆንሽ፣ ልጄ?"

ዘሃራ ደጅ የተቀመጡትን አባቷን አየች። "ማርታ አሳዝናኝ ነው" አለች። "አባቷ ሳይጠይቃት ለሽማግሌ ሊድራት ነው። እሷ ደግሞ መናገር ፈራች።"

"ማርታ ደግሞ ማን ናት? እዚያው ከእናንተ ጋር ናት?"

"አዎ፣ ከእኛ ጋር ናት።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺም ታውቂያታለሽ?"

"አውቃታለሁ" አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ከብዙ ዘመዶቼ ይልቅ አውቃታለሁ።

እማማ ፋጡማ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ወሎ ግን የሰው ጭንቀት ሰምቶ ዝም አይባልም። ሐሙስ ከሰዓት ጎረቤቱ ለዱአ እነሱ ቤት ተሰበሰበ። ሼህ እንድሪስ የሚባሉ አዛውንት መሃል ተቀምጠዋል። የታመመም፣ መንገደኛ ያለውም፣ ላም የጠፋችበትም ጉዳዩን ይናገራል፤ እሳቸው ይለምናሉ፣ ቤቱ አሚን ይላል። ተራው እማማ ፋጡማ ጋ ደረሰ።

"ማርታ የምትባል የእነ ዘሃራ ባልንጀራ አለች፤ የክርስቲያን ልጅ ናት። አባቷ ሳይጠይቃት ለማትፈልገው ሽማግሌ ቃል ሰጥቶባታል። ዱአ አድርጉላት።"

በመጽሐፍ ለተጻፈች ልጅ ዱአ ሊደረግ ነው። ልናገር ስል ዘሃራ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። ዞሬ ፊቷን ሳየው ለማን እንደምታስለምን ገባኝና ዝም አልኩ።

"እምቢ ብላለች?" ሲሉ ጠየቁ ሼሁ።

"አባቷን ማዋረድ ፈርታ ነው መሰል፣ አልተናገረችም" አሉ እማማ ፋጡማ።

ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ። "ያ ረቢ፣ ለልጅቱ አንደበት ስጣት። ለአባቷም ጆሮ ስጠው።"

"አሚን" አለ ቤቱ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የጋሽ ሰይድ ድምፅ ነበር። ሆደ ቡቡ ሰው ናቸው። አሚን ማለቱም አልበቃቸው። "ወላሂ፣ ምን ዓይነት አባት ነው? ልጁን ሳይጠይቅ ቃል ይሰጣል?"

የዘሃራን መታጨት ያልሰማ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። እማማ ፋጡማ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ፣ አዩዋት፣ ገባቸው። ሼህ እንድሪስ መቁጠሪያቸውን መቁጠር ሳያቋርጡ "ሰይድ፣ አንተስ ጠይቀሃታል?" አሉ።

ጋሽ ሰይድ መሬት መሬት ሲያዩ ቆይተው ቀና አሉ።

"ዘሃራ፣ ትፈልጊዋለሽ?"

"አልፈልግም፣ አባ።" ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው።

አባቷ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "አሚን ብያለሁ እንግዲህ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሼሁን ይዘው ቃላቸውን ሊመልሱ ወደ ነጋዴው ቤት ሄዱ። በአገሩ የተከበረ ሰው እንዲህ ያለውን መንገድ መሄድ ሞቱ ነው፤ ሲመለሱ ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። እኛን ሲሸኙ ግን ድንች በጆንያ ተሸክመው እስከ መኪናው መጡ። ለእኔ ብቻ ጠጋ ብለው "ለዚያች ለማርታም አካፍያት" አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ ሌላ ምን ልበል?

ኮምቦልቻ ተመልሰን መጽሐፉን ቦርከና ዳር ጨረስነው። ማርታ ሰውየውን አገባችው። በመጨረሻው ገጽ የወፍጮ ቤቱ መስኮት ላይ ቆማ በረዶ ታያለች። ልጆቹ ተላቀሱ። ዘሃራ ብቻ አላለቀሰችም።

"እዚያ አገሯ ዱአ የሚያደርግላት አልነበራትማ" አለችና ልብሷን ጨመቀች።

እማማ ፋጡማ እስኪሞቱ ድረስ ባገኙን ቁጥር "ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?" ይሉን ነበር። "ደህና ናት" እንላቸዋለን። "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ።

ይሄን ሁሉ ለሀና ከነገርኳት ወዲህ ድራማውን አብረን ነው የምናየው። ስለ መጽሐፍና ስለ ስልክ የማወራውንም ትቻለሁ፤ የልጄ ባል ምን ነካት እያለ ነው። እኔም አሰብኩበት። እማማ ፋጡማ ፊደል አልቆጠሩም፤ ያችን ልጅ ግን ከእኔ ከአንባቢዋ በላይ ሰው ያደረጓት እሳቸው ናቸው። ላላያት ልጅ የሚያለቅስ ሰው ካለ፣ ከየትም ይስማት ከየት፣ ታሪኩ ቤቱን አግኝቷል።

ትናንት መጨረሻው ታየ። እኔ ያንን መስኮትና ያንን በረዶ እየጠበቅሁ የሀናን እጅ ይዣለሁ። መስኮቱ መጣ፣ በረዶውም መጣ። ልጅቱ ግን ከመስኮቱ ዞረች፣ አባቷ ፊት ሄዳ ቆመችና "አልፈልግም" አለች። አባትየው ቁጭ ብሎ ሰማት። መጨረሻውን ለውጠውታል።

ወዲያው ኮምቦልቻ ደወልኩ። ዘሃራ ኋላ ራሷ የመረጠችውን አግብታ እዚያው ቀርታለች፤ ዛሬ እሷም እንደ እኔ አያት ናት።

"ዘሃራ፣ ማርታ እኮ እምቢ አለች" አልኳት። "አባቷም ሰማት።"

የትኛዋ ማርታ አላለችኝም።

"የእማ ዱአ ደረሰላት በያ" አለች።