ከኦርጋኑ ቀድማ የምትጨርሰው ጊታር መቺ

በዊላፓ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያደግን ሰዎች ሰውን የምናውቀው በእጁ ነው። ግንድ ቆራጩ አንድ ጣት ይጎድለዋል። ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል እየከፈቱ ሥጋውን የሚያወጡት ሴቶች ደግሞ፣ ጓንት ቢያጠልቁም፣ ግራ እጃቸው በዛጎሉ ስለት የተሸነታተረ ነው። አይሊ ኮርፔላ በሃያ አንድ ዓመቷ ይህ እጅ ነበራት። ትምህርት ቤት እንደ ጨረሰች ወደ ዛጎል መፈልፈያው ገባች፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማ አጭር ቢላዋን በዛጎሉ ከንፈር ስትሰካ ትውላለች። ወሬ አታበዛም። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ለዛሬ የተመደበልሽን ቃል ጨረስሽው ወይ እያሉ ያሾፉባታል፤ ትስቃለች እንጂ አትመልስም።

የቅዳሜ ዳንስ ግን አያመልጣትም ነበር። ትመጣለች እንጂ አትደንስም። ከፊንላንድ ፈልሰው የመጡት ሰዎች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ፣ ከመድረኩ በስተግራ፣ ከባንዱ ጊታር መቺ ከሜርል ሳሪ ፊት ለፊት ትቆማለች። ሁላችንም ሜርልን ወዳዋለች ብለን ነበር። እሱም ሳይመስለው አልቀረም፤ አንድ ቅዳሜ በእረፍቱ ሰዓት ፀጉሩን አበጥሮ ወረደና ምን እንደምታይ ጠየቃት።

«ግራ እጅህን» አለችው። «ሁለተኛው ዘፈን ላይ ትንሿ ጣትህ ምን እንደምትሠራ አይታየኝም። ትሸፍናታለህ።»

የዚያን በጋ ልጆቻችን ወደ ቬትናም ጦርነት ይጠሩ ነበር፤ ሐምሌ ላይ ለሜርልም የጥሪው ደብዳቤ ደረሰው። ከመሄዱ በፊት ጊታሩን፣ አምፕሊፋየሩንና አሥራ አንድ ትንንሽ የዘፈን ሸክላዎች በአባቱ ፒክአፕ ጭኖ አይሊ ቤት አወረደ። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለውን የድምፅ ማውጫ ወረቀት በምላጭ ሸንትሮታል፤ ድምፁ እንዲሻክርለት ነው፤ እነሱ የሚጫወቱት ሮክ ንጹሕ ድምፅ አይወድም። ከዚያም በካርቶን ቁራጭ ላይ ጣት የት የት እንደሚቀመጥ በነጥብ ሣለላት። ኮርድ የሚሉት የጣት አቀማመጥ ሦስት ነው።

«ሦስት ብቻ?» አለችው።

«ሦስት ብቻ። አራተኛ የሚያውቅ ካጋጠመሽ ራቂው፣ ጃዝ ሊያስተምርሽ ነው።»

ለባንዱ አለቃ ለራስል ፕሩትም ነግሮላት ነበር። ባንዱ ሦስት ሰው ነው፦ ኦርጋን እየመታ የሚዘፍነው ራስል፣ ከበሮ መቺው ዱዌይንና ሜርል። ስማቸውን «ጭቃዎቹ» ብለዋል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ደጃችን ላይ የሚቀረው ጭቃ ነውና። ራስል ሴት ጊታር ስትመታ አይቶ ስለማያውቅ ነገሩ አልጣመውም፤ ለሜርል ሲል ግን እሰማታለሁ አለ። የበጋው መዝጊያ ዳንስ መስከረም ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት ትፈተናለች። ካልሆነች ከወንዙ ማዶ ካለችው ከተማ፣ ከአስቶሪያ፣ አንድ ልጅ ተጠርቶ ይመጣል። አይሊ ነገሩን ታውቀዋለች፤ ያ ልጅ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ በዚያ ባሕር ዳር ሌላ ባንድ የለም። ያላት ጊዜ አምስት ሳምንት ነበር።

የምትለማመደው ከሥራ መልስ፣ ሳሎን ውስጥ፣ አባቷና እናቷ ፖልካ የተባለውን ፈጣን የዳንስ ሙዚቃ ሊሰሙበት በገዙት የእንጨት ሸክላ ማጫወቻ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ የሚከፍተው አልነበረም። አይሊ መርፌውን አስቀምጣ የዘፈኑን አሥር ሰከንድ ትሰማለች፤ ታነሣዋለች፤ ድምፁን ጊታሩ ላይ ትፈልጋለች፤ እንደገና ታስቀምጠዋለች። አባቷ ኡርሆ ጋዜጣውን ዘርግቶ ይቀመጣል። ስለ ሙዚቃው የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጎረቤት ላሞች ወተት እንዳይነሡ መስኮቱን ዝጊ።

መጀመሪያ ያስቸገራት ቅኝቱ ነው። ጣቶቿን ካርቶኑ እንዳለው አስቀምጣ ስትመታ ከሸክላው ጋር አልገጥም አለ፤ ሸክላው ከፍ ይላል። እሷም ጊታሩ ረግቦ ነው ብላ ከሸክላው ጋር እስኪስማሙ ድረስ ክሮቹን ጠመዘዘቻቸው። አንዱ ክር ተበጠሰ። ቀየረችው። ሌላው ተበጠሰና ጉንጯን ገረፋት። ለአራተኛ ጊዜ ክር ልትገዛ ስትሄድ ሻጩ በጊታሩ ሳልመን ታጠምጂበታለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

ዛጎል የቆረጠው ጣት ላይ ብረት ክር ሲያርፍ ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ጠዋት ደግሞ ጨው ውኃው ያገኘዋል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቆዳው ጠነከረ፤ እጇም መታዘዝ ጀመረ። አንድ ነገር ደግሞ አበረታት። እነዚያን ሸክላዎች የሞሉት ሰዎች ሊቃውንት አልነበሩም። በአንደኛው ላይ ጊታሩ ተራው ሳይደርስ ዘሎ ይገባል፤ ማንም አላረመውም፤ ዘፈኑም ያ ባይኖርበት ኖሮ አያምርም ነበር። አይሊ ስህተቱን ሳይቀር በእጇ ያዘችው።

ሐሙስ ደረሰ። ራስል ቤት ያለው ጋራዥ የአባቱ መኪና ወጥቶለት፣ ኦርጋኑ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ከበሮው የዘይት ጠብታ እንዳይነካው አሮጌ ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ነበር። ዱዌይን ሰፊ ትከሻ ያለው ግንድ ጫኝ ነው፤ ራስል ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። አይሊ ቤቷ እንደ ቃኘችው ጊታሯን ሰካች። በከበሮው ዱላ አራት ተቆጠረና ጀመሩ።

ሁለት ድመት በአንድ ጆንያ የታሠሩ ያህል ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ራስል። «ምንድን ነው የምትመቺው?»

«ዘፈኑን።»

«የቱን ዘፈን?»

ዱዌይን ለብቻዋ ትምታው አለ። መታችው። አንዳች እንከን አልነበረበትም፤ ዘሎ የሚገባው ስህተት ሳይቀር በቦታው ነበር። ኦርጋኑ ሲጨመር ድመቶቹ ተመለሱ። ራስል ኦርጋን ከፋብሪካ እንደ ተቃኘ የሚኖር ዕቃ መሆኑን፣ መርገብ ያለባት እሷ መሆኗን ነገራት። ክሮቹን ከኦርጋኑ ጋር እስኪስማሙ አላላቻቸው። በአምስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ክሮቹ ከጣቷ ሥር ለሰለሱ፤ የሌላ ሰው ጊታር የያዘች መሰላት።

እንደገና ጀመሩ። አሁን ድምፁ ገጠመ፤ ሌላ ችግር ግን መጣ። ራስልና ዱዌይን የመጨረሻውን አዝማች ሊጀምሩ ሲሉ አይሊ ጨርሳ፣ እጇን ዝቅ አድርጋ ትጠብቃቸው ነበር።

«ወዴት ነው የምትሮጪው?» አለ ራስል። «ቤታችሁ እሳት ተነሣ?»

«ሸክላው እንደሚለው ነው የመታሁት።»

ራስል ተነሥቶ ያንኑ ሸክላ በራሱ ማጫወቻ ላይ አደረገው። አይሊ ሰማች። ዘፋኙ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ የቆመ ይመስላል።

«ማጫወቻህ ታሟል» አለችው።

«የኔ? ባለፈው የገና በዓል የተገዛ ነው እኮ። የናንተን ነው ሐኪም ማየት ያለበት።»

ዱዌይን የእጅ ሰዓቱን አውልቆ የሸክላውን ዙር ቆጠረ። በደቂቃ አርባ አምስት፤ ሸክላው ላይ የተጻፈው ልክ። ክርክሩ አበቃ። ራስል ክፉ ሰው አልነበረም፤ እጇ ጥሩ እንደሆነ ነገራት። ግን ለዳንሱ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው፤ ማክሰኞ ተመልሳ እንዲህ ከሆነች የአስቶሪያውን ልጅ ይጠራል።

ቤቷ ስትደርስ ጃኬቷን ሳታወልቅ የራሷን ማጫወቻ ዙር ቆጠረች። ሃምሳ አለፈ። ኡርሆ ኦይስተር ከሚለቅምበት ጭቃ ተመልሶ በር ላይ ቦቲውን ያወልቅ ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ይሮጣል።»

«አዎ፣ ይሮጣል።»

«ታውቃለህ?»

«እኔ ነኝ ያስሮጥኩት።»

ሁለተኛውን ቦቲ ካወለቀ በኋላ ነገራት። በዚያን ጊዜ ከከተማ የሚመጣው የፖልካ ሸክላ ሁሉ ቀብር የሚሸኝ ነበር የሚመስለው፤ በኛ መንገድ የሚኖሩት ፊንላንዶች ሊደንሱበት አልቻሉም። ስለዚህ በየቤቱ የማጫወቻው ሞተር ዘንግ ላይ ፕላስተር ይጠመጠም ነበር፤ ዘንጉ ሲወፍር ሸክላው ይፈጥናል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። ኡርሆ ይጠመጥማል፤ እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን እየደነሰች ትለካለች። ትንሽ ጨምር፣ ትንሽ ጨምር ትለው ነበር፤ እግሯ ሲስማማላት በቃ አለችው። ሌላ ሙዚቃ ይሰማበታል ብሎ ማንም አላሰበም፤ ፕላስተሩንም ማንም አላስታወሰውም።

ሳጥኑን ከፈተላት። ቢላውን ከኪሱ አውጥቶ ትንሽ ያዘውና ሰጣት። «ካስፈለገሽ ላጪው» አለና የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ሳውናውን፣ ሊያቀጣጥል ወጣ።

አይሊ ፕላስተሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ላጠችው።

ለቀረው ጊዜ አዝጋሚውን ስትማር ሰነበተች። ከፈጣኑ ይከብዳል። መሮጥ የለመደ እጅ ሲራመድ ይደናቀፋል፤ በሁለቱ ምት መሀል ያለው ባዶ ቦታ ሰፍቶ ጣቷ የሚያደርገውን ያጣል። መፈልፈያው ውስጥ ቢላዋን በልቧ እየቆጠረች ትሰካ ነበር፤ አለቃው ሥራሽ ዘገየ ብሎ ሁለት ጊዜ ተቆጣት። ማክሰኞ ራስል ሰዓቱን ኦርጋኑ ላይ አስቀምጦ አዳመጣት። አሥራ አንዱንም ዘፈን ጨረሱ።

«ይሁን» አለ።

ያ ብቻ ነበር፤ ለአይሊ ግን በቂ ነበር። ዱዌይን አምፕሊፋየሩን መኪናዋ ላይ እየጫነላት የሐሙሱ ፍጥነት ይሻለው እንደነበረ ነገራት፤ ክንዱ ደስ ብሎት ነበር።

ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ሞላ። እንደ ልማዳችን ወንዶቹ በአንዱ ግድግዳ፣ ሴቶቹ በሌላው ተደርድረን መሀሉን ባዶ ተውነው። ሽማግሌዎቹ የኮርፔላን ልጅ ሊያዩ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ኡርሆ አልገባም፤ ፒክአፑን በሩ ፊት አቁሞ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነበር። ጭቃዎቹ ሁለት ዘፈን ተጫወቱ። ልክ ነበር፤ ከሸክላው አንድ ፀጉር አልተዛነፈም። ማንም ከግድግዳው አልተነቃነቀም። ከአጠገባችን አንዱ ሜርል የት ሄደ አለ፤ የሰሙት ሳቁ። አይሊም ሰማች፤ አንገቷ ሲቀላ አይቻለሁ። ራስል አላያትም፤ ወደ ቁልፎቹ አጎንብሶ ነበር። የአስቶሪያውን ልጅ እያሰበ እንደሆነ ማንም ሊገምት ይችላል።

ሦስተኛውን ዘፈን የሚጀምረው ጊታሩ ብቻውን ነው። አይሊ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና መታች። የመታችው ግን በማክሰኞው ልክ አልነበረም። ፍርሃት የያዘው እጅ ወደሚያውቀው ነው የሚሸሸው፤ እጇ ወደ ሳሎናቸው ፍጥነት ተመለሰ። ሁለተኛው መስመር ላይ ገባት፤ ፍሬኑ የተበጠሰበት የግንድ መኪና ግን ቁልቁለት መሀል አይቆምም። ዱዌይን በአራት ምት ደረሰባት፤ ጥርሱ እየታየ ነበር። ራስል አልደረሰም። ጣቶቹ ተደናቀፉ፤ መጀመሪያውን ስንኝ እያለከለከ ዘፈነው፤ ሁለተኛውን እንዳለ ዋጠው።

በዚህ መሀል አግዳሚው ላይ የነበረችው ሳይማ የምትባል የሰባ ዓመት መበለት ቦርሳዋን አስቀመጠችና የአጠገቧን ሽማግሌ በክንዱ ይዛ ብድግ አደረገችው። ባዶው ወለል ላይ ወጥተው ፖልካ ጀመሩ። ዘፈኑ የፖልካ አልነበረም፤ ፍጥነቱ ግን እግራቸው የሚያውቀው ነበር። ወጣቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሁለት ልጃገረዶች እያስመሰሉ ተከተሉ፤ ከዚያ ማን እንደ ገፋኝ ሳላውቅ እኔም ከግድግዳው ራቅሁ። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው አለቀ። መሀሉ ሞልቶ ነበር፤ ወደ ቦታው የተመለሰ የለም።

ራስል ወደ አይሊ ዞረ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል፤ የአንገቱ ቁልፍም ተፈቷል።

«አይሊ።»

«አውቃለሁ። እጄ ነው፣ እኔ…»

«ሁለተኛ እንዲህ ስታደርጊ» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «ቀድመሽ ንገሪኝ። አየር ልሳብበት።»

ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ውኃውን አንሥቶ ጠጣ። የቆሙትን ሰዎች አያቸው፤ ሳይማ ሽማግሌውን እስካሁን አልለቀቀችውም። «ቀጣዩ በየትኛው ነው?» ሲል ጠየቃት። «በሰዓቱ ወይስ ባንቺ?»

አይሊ የረገበውን ክር በጣቷ ነካ አድርጋ አዳመጠች፤ ከኦርጋኑ ጋር ይስማማል።

«አየር ሳብ» አለችው።