ለአጎቴ ወገብ የተመረጠ አሞርዛተር

መኪናዬ ባለ ሁለት በር፣ ጃፓን ሠራሽ፣ ቀይ ስፖርት መኪና ናት። ከእኔ በፊት የነዳት ሰው ሞላዋን አስቆርጦ መሬት ለመሬት እንድትሄድ ስላደረጋት፣ ቡራዩ ውስጥ ሳልፍ አላፊ አግዳሚው ጎንበስ ብሎ ሆዷን ያያል። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳባዛ የምውል ሰው ነኝና መታየቱ ደስ ይለኝ ነበር። ችግሩ ጉብታ ላይ ነው። ትንሿን ጉብታ ሳልፍ ጥርሴ ይጋጫል፤ አንድ ቀን አብሮኝ የሄደ ጓደኛ በማግስቱ ታክሲ ይመርጣል። እኔ ግን ከመናደድ ይልቅ ይገርመኝ ነበር። ሁሉም መኪና ጎማና ብረት ነው፤ ታዲያ አንዱ እንደ ፍራሽ ሲመች ሌላው ለምን ወገብ ይቆርጣል? ይህን ጥያቄ ለሰው ባነሳ ሰው ይስቅብኝ ነበርና ለራሴ ይዤው ቆየሁ።

ጥያቄው የምር የሆነው ላገባ ስል ነው። እጮኛዬ የሱሉልታ ልጅ ናት። አባቷ ላም አርብተው ወተት የሚሸጡ፣ ቃላቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ልልክ መሆኑን ሲሰሙ በእሷ በኩል መልእክት ላኩብኝ። «አባቱ በሕይወት ስለሌሉ የአባቱ ወንድም ይምጡና ይጠይቁኝ። ሌላ ሰው ቢልክ ሻይ አጠጥቼ እመልሰዋለሁ» አሉ።

የአባቴ ወንድም ያሉኝ አንድ ናቸው፤ ሰበታ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ ጨርሰው ወገባቸውን እዚያው መንገድ ላይ ጥለውት የተመለሱ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ሆለታ ድረስ በሚኒባስ ሄደው ሲመለሱ ሳምንት ከአልጋ አልወረዱም። ከዚያ ወዲህ ከሰፈራቸው አልወጡም። ከሰበታ ሱሉልታ ደግሞ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ ተራራ ወጥቶ፣ ተራራ ወርዶ ነው። «ደህና ለስላሳ መኪና ልከራይልዎት?» ብላቸው ተቆጡ።

«የገዛ መኪናህ ቆማ በኪራይ መኪና ሄጄ ‹ልጃችን ራሱን ችሏል› ልበል? ምላሴ እንዴት ይታዘዝልኛል? ያቺን ቀይዋን አስተካክላትና እሄዳለሁ።»

እንግዲህ ትዳሬ በአጎቴ ወገብ ላይ፣ የአጎቴ ወገብ ደግሞ በመኪናዬ አሞርዛተር ላይ ተንጠለጠለ። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከፍርሃቱ ሥር አንድ ደስ የሚል ነገር ነበር፤ ያ ጥያቄዬ በመጨረሻ ሥራ አገኘ።

መለዋወጫ ተራ ሄጄ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። የተቆረጠውን ሞላ ጥዬ አዲስ ከነአሞርዛተሩ እንደምፈልግ ስናገር፣ አንዱ ባለ ሱቅ ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። የመጀመሪያው ከፍታው ብቻ የሚስተካከል ነው፤ አካሉ እንደ ቡሎን ጥርስ አለው፣ ቀለበቱን ሲያዞሩት መኪናዋ ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች። ሁለተኛው ከፍታው አይነካም፤ አናቱ ላይ ባለች ትንሽ መዘውር ጥንካሬው ብቻ ይቀየራል። ሦስተኛው ሁለቱንም ያደርጋል፣ ግን ከተፈታ መኪና የወጣ አሮጌ ነው።

«ብሮ፣ ይሄኛው ለሬስ ነው» አለኝ ባለ ሱቁ።

«እኔ የምፈልገው ለሽማግሌ ነው» አልኩት።

«ለምን?»

«ለሽምግልና። ሽማግሌ ልጭንበት ነው።»

ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጓዳ ገባ። እሱ ሲስቅ እኔ ቁጭ ብዬ ዕቃውን አገላበጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ መኪናውን የሚሸከመው አሞርዛተር ይመስለኝ ነበር። የሚሸከመው ለካ ሞላው ነው። ሞላ አንዴ ከተጫኑት ይዘላል፣ መዝለል ከጀመረ ደግሞ መቆም አያውቅም፤ አሞርዛተሩ በሆዱ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ሞላውን አደብ ያስገዛዋል። መዘውሯ ያችን ቀዳዳ ታጠባለች ወይም ታሰፋለች። የአሮጌውን ዘንግ ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ ቀስ ብሎ ሳይንገራገጭ ተመለሰ። መዘውሯን አጥብቄ እንደገና ስገፋው ከበደኝ። አላልቼ ስገፋው ቀለለኝ። እንዲህ እያደረግሁ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ባለ ሱቁ ሳቁን ጨርሶ ተመልሶ «ልትገዛ ነው ወይስ ልትጫወት?» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ሦስተኛውን መረጥኩ። አሮጌ መሆኑ አሳስቦኝ እያንዳንዱን አንገት በጣቴ አሻሸሁ፤ ዘይት የነካው አልነበረም። የአንደኛው መዘውር ብትዞርም ዘንጉ ለውጥ ስላላሳየ አስቀየርኩት። አዲሶቹን ያልወሰድኩት ከፍታውንም ጥንካሬውንም ለየብቻ ማስተካከል ስለፈለግሁ ነው። ለአጎቴ ወገብ ከፍ ትበል፣ ግን መልኳን እንዳታጣ ብዙም አትበል። ለሽማግሌ ስል መኪናዬን የጭነት መኪና ላስመስላት አልፈለግሁም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ግብዝ ነኝ።

የሰፈሬ መካኒክ ገጥሞልኝ ሲያበቃ መዘውሯን አይቶ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት፣ የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ?» አለ። ከዚያ «ለሽማግሌማ የመጨረሻው ለስላሳ ላይ አድርጋት» ብሎ መከረኝ። እኔም አመንኩት። ለስላሳ ከሆነ ይመቻል፤ ማን ይጠራጠራል?

አጎቴን ለሙከራ ይዤ መዞር ስለማልችል ሌላ ተሳፋሪ ፈለግሁ። እጮኛዬን ጠይቄ ከሱሉልታ ስመለስ ከመንገድ ዳር አንድ ትልቅ ማሰሮ እርጎ ገዛሁና ጋቢና አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩለት። ወተት ያለበት አገር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ የተናጠ እርጎ ቅቤ ያወጣል። ማሰሮው ቡራዩ ሲደርስ ቅቤ ካወጣ የአጎቴም ወገብ ተናጠ ማለት ነው ብዬ ተነሳሁ። መዘውሩ የመጨረሻው ለስላሳ ላይ ነበር። መኪናዋ አንድ ጉብታ ካለፈች በኋላ እንደ ጀልባ ወዲህና ወዲያ ስትል ቆየች፤ እርጎው በክዳኑ ሾልኮ ወንበሬን አለበሰው። በሚቀጥለው ጉዞ ጠበቅ አደረግሁት፤ እርጎው አልፈሰሰም፣ ግን ስከፍተው ላዩ ላይ ትንንሽ የቅቤ ፍሬዎች ተንሳፍፈውበታል። መሐሉን ስፈልግ ከረምኩ። በገፈርሳ መንገድ ላይ ስመላለስ ያየችኝ አንዲት ሴት «ልጁ እርጎ በመኪና ነው የሚንጠው» ብላ ሰፈሩን አሳቀችብኝ። በመጨረሻ ግን አንድ ቀን ማሰሮውን ስከፍት እርጎው እንደ ረጋ ነበር፤ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

የፊቶቹን እዚያው ላይ ተውኳቸው። የኋላዎቹን ግን አጠበቅኋቸው። ሁለት ሽማግሌ ከኋላ ሲቀመጥ መኪናዋ በየጉብታው አብዝታ እየሰመጠች ጎማው ከላዩ ቆርቆሮ ጋር እንዳይፋተግ ብዬ ነው። ከኋላ የሚቀመጡት ጤነኞች ናቸው፣ ትንሽ ቢነጥሩም አይከፋም። አጎቴ ከፊት፣ በእርጎው ቦታ። አስቤ ጨርሻለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ሰበታ ስደርስ አጎቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው የነፍስ አባታቸው ቄሱ አሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ ከፉሪ የመጡ፣ ሆዳቸውም ሳቃቸውም ትልቅ የሆነ የአጎቴ የድሮ ጓደኛ ናቸው፤ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅለው ነው የሚያወሩት። «አካም ቡልቴ፣ ያ ሙሽራ!» ብለው አዳሬን ጠየቁኝና ትከሻዬን መቱኝ። የጋቢናውን በር ከፍቼ ለአጎቴ ያዝኩ።

«አባ፣ ይግቡ» አሉ አጎቴ ወደ ቄሱ ዞረው።

«ኧረ በስመ አብ! ወገብዎን እያወቅሁት?»

«እርስዎ ከኋላ ተቆልምመው እኔ ጋቢና ልንሰራፋ? ይኼማ አይደረግም።»

«አይሆንም፣ እርስዎ ይግቡ።»

«በመስቀሉ ይዤዎታለሁ፣ ይግቡ!»

«አባባ» አልኩ ጣልቃ ገብቼ፣ «የፊቱን ለእርስዎ ነው ያዘጋጀሁት። አሞርዛተሩ የፊቱና የኋላው ይለያያል...»

«አንተ ደግሞ ዝም በል። ቄስ ቆሞ ስለ ብረት ታወራለህ?»

ወንበሩን አጥፌላቸው አጎቴ ከኋላ ገቡ። ከዘራቸው አልገባ ብሎ ተጋደመ፣ ተቃና፣ በመጨረሻ ጫፉን በመስኮት አስወጣነው። ስለ ዘይትና ስለ ቀዳዳ ስመራመር ስከርም፣ የአጎቴን ጠባይ የሚያውቅ ማንም ሰው የሚገምተውን ነገር አልገመትኩም። ከቄስ ፊት ጋቢና የሚቀመጥ ሽማግሌ ሰበታ ውስጥ የለም።

ቄሱ ከፊት እንደ እርጎው ተደላድለው ሄዱ። ከኋላ ግን እያንዳንዱን ጉብታ ስናልፍ የትልቁ ሰውዬ ሳቅ ይቆረጥና ይቀጥላል። አዲሱ ገበያ አካባቢ ነዳጅ ማደያ ገብቼ የኋላውን መዘውር አላላሁት፤ ትንሽ እንደሄድን ጎማው ቆርቆሮውን መፋቅ ጀመረ፣ የጎማ ሽታ መኪናውን ሞላው። ቆሜ መልሼ አጠበቅሁት። ሽቅቡን ስንወጣ በመስታወት አጎቴን አየኋቸው። የቄሱን ወንበር በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«አመመዎት፣ አባባ?»

«ደህና ነኝ። ንዳ።»

ሱሉልታ ደርሰን ከአስፋልቱ ስንወርድ የእጮኛዬ ቤት መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ለመኪናዬ ሆድ የሚሆን አይደለም። ሽማግሌዎቹ ወርደው በእግራቸው ሊሄዱ ተስማሙ። አጎቴ ሲወርዱ ክንዳቸውን ይዤ ሳብኳቸው፤ ግማሽ ጎብጠው ቆዩ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ተቃኑ። እኔ አልሄድም፤ ሙሽራ ሊሆን ያሰበ ሰው ሽማግሌዎቹ ገብተው እስኪወጡ ከደጁ አይታይም። ሦስት ነጭ ጋቢ ወደ ዳገቱ ሲወጣ አየሁ፤ መሐለኛው እየቆመ ነበር የሚሄደው።

እኔ ምን ላድርግ፣ ጋቢና በር ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን በላሁ። በአካባቢው ወግ የመጀመሪያ ቀን የሄደ ሽማግሌ መልስ አያገኝም። «እንመካከር፣ ተመለሱ» ይባላል፤ ሁለቴም ሦስቴም መመላለስ አለ። አጎቴ ግን ይህን መንገድ ሁለተኛ እንደማይችሉት ሲወርዱ አይቻለሁ። የአባቷን ቃል ደግሞ አውቃለሁ። ምርመራዬ ሁሉ፣ እርጎው፣ መዘውሩ፣ ከንቱ ሆኖ ታየኝ፤ አልቅስ አልቅስ አለኝ።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ተመለሱ። ትልቁ ሰውዬ ከሩቅ እጃቸውን እያወዛወዙ ነው የመጡት።

«አለቀ! ዛሬውኑ አለቀ! እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አላየሁም!»

«እንዴት?» አልኩ።

«ገባን፣ ‹ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም› አልን፣ እንደ ወጉ። ሰውዬው ‹ተሰምቷል፣ ታኣ፣ ተቀመጡ፣ ለሌላ ቀን ቀጠሮ እንሰጣለን› አሉ። እኔ ተቀመጥኩ፣ አባም ተቀመጡ። አጎትህ አይቀመጥም! ‹ማሎ፣ ታኣ› እያሉ ይለምኑታል፣ ቆሟል። ወንበር አመጡ፣ ቆሟል። ትራስ አመጡ፣ ቆሟል። ላብ በግንባሩ ይወርዳል። ሰውዬው ያያሉ፣ ያያሉ... በኋላ ተነሥተው ‹ለወንድሙ ልጅ እንዲህ የሚቆም ሰው ካለው ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ይህን ሽማግሌ ሁለተኛ አላመላልስም› አሉ። አለቀ!»

አጎቴን አየኋቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ቄሱ ቀድመው ከኋላ ገብተው ነበር፤ በዚህኛው ዙር ማንም አልተከራከረም። አጎቴን ጋቢና አስቀመጥኳቸው።

ብዙ ከሄድን በኋላ፣ መጠየቅ ጠባዬ ነውና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ያልተቀመጡት ከኋላው ወንበር የተነሣ ነው አይደል? ወገብዎ አልታጠፍ ብሎ?»



«መጀመሪያ አዎ» አሉ። «አልታጠፍ አለኝ። ኋላ ለቀቀኝ፤ መቀመጥ እችል ነበር።»

«ታዲያ?»

«አባትህ ቢኖር እሱ ይቆምልህ ነበር።»

እንባዬ መጣና መንገዱ ደበዘዘብኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። አጎቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ዘረጉልኝ፤ እንባዬን ጠረግሁበት።