አባቴ ፊቱን ሳያዞር

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ፣ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ኮምፒውተርን ከቴሌቪዥን የሚያገናኝ ገመድ ገዝቼ ከላስቲኩ ሳወጣው፣ የአዲስ ጎማ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና፣ ባለሱቁ «ሌላስ?» እያለኝ እኔ ዳንግላ፣ ጋሼ ዳምጤ ሳሎን ውስጥ ነበርኩ። አንቱ እያልኩት ያደግሁ ጎረቤታችን ነው፤ ዛሬ ስጽፈው ግን «እሳቸው» ማለት አልመጣልኝም።

አባቴ ፈረሰኛ ነበር። በሞተ በዓመቱ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ታላቅ እህቴ እመቤት የመጨረሻ ጉግሱን የቀረጸውን ሰው ለምና ቪዲዮውን በላፕቶፗ ይዛልን መጣች። የእናቴ ዓይን ግን እየደከመ ነበር፤ ሐኪሙም እየባሰ እንደሚሄድ ነግሯታል። አፍንጫዋ ላፕቶፑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ እንኳ «ጉንዳን ሲርመሰመስ ነው የሚታየኝ» አለች። በሰፈራችን ትልቅ ቴሌቪዥን የነበረው ደግሞ ጋሼ ዳምጤ ቤት ብቻ ነው፤ ከተገዛ ሁለት ዓመት ሞልቶት የጠርዙ ላስቲክ ያልተላጠ፣ ዳንቴል የለበሰ፣ ከቤቱ ልጆች ይልቅ የሚከበር ቴሌቪዥን።

ጋሼን ብንጠይቀው «እሁድ ከሰዓት ኑ» አለን። እናቴ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበትን ነጠላ ለብሳ መጣች። እመቤት ለዚሁ የገዛችውን አዲስ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ሰክታ፣ «ምልክት የለም» እያለ የሚያሾፍብንን ሰማያዊ ስክሪን በሪሞት ስታባብለው ቆየችና፣ ድንገት ሜዳው ከነፈረሱ፣ ከነአቧራው፣ በአዊኛ ከሚያቅራሩት ፈረሰኞች ጋር ፊታችን ተዘረጋ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ዳማ ፈረሱ ላይ ተቀምጧል። እናቴ ብድግ ብላ ቀረበች።

«እሱ ነው! በትከሻው አወቅሁት። አሁን ይዞራል አይደል?»

«አዎ እማዬ፣ አሁን ይዞራል» አለች እመቤት።

ይኸኔ ጋሼ ዳምጤ ሰዓቱን አየና ተነሥቶ ገመዱን ነቀለው። ኳስ ሊጀመር ነው።

«ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይታገሡን» አለች እመቤት።

«የሞተ ሰው የትም አይሄድም፤ ኳሱ ግን ያልፋል» አላት።

ኳስ ለማየት የተሰበሰቡት ጎረቤቶችም ሳቁ። ሳቁ! ያን ቀን ማን ማንን እንዳሸነፈ ዛሬ አንዳቸውም አያስታውሱትም።

እናቴ እጇን ወደ ስክሪኑ እንደዘረጋች ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ «ተነሡ ልጆቼ፣ የሰው ቤት ነው» አለችን፤ እግዜር ይስጥልኝ ብላውም ወጣች። ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ማመስገኗ ነው።

ሌላ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ቤት እንፈልግ ብንላት እምቢ አለች። እመቤት ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ የራሳችንን ቴሌቪዥን እስክትገዛ ሦስት ዓመት አለፈ፤ ያን ጊዜ የእናቴ ዓይን ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ሌላ አቅም አልነበረውም። ቢሆንም ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥናትና ቪዲዮውን ከፈትነው። ኮቴውን ሰማች፤ ጩኸቱን ሰማች።

«ዞረ?» አለችኝ።

«ዞረ እማዬ።»

«ምን ይመስላል?»

ጢሙ አቧራ እንደለበሰ፣ ካሜራውን ሲያይ እንዳፈረ፣ ወዲያው ግን ፈገግ እንዳለ ነገርኳት፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። እጄን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ተባረኪ፤ ጥሩ አድርገሽ ነገርሽኝ» አለች። «እኔ ግን ማየት ነበር የፈለግሁት።»